ስፕሪንግ ጸደይ ነው፣ ምንጭ ነው ወይስ ባሌስትራ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «ስፕሪንግ ማለት ጸደይ ነው ተብለን ተምረናል፤ ታዲያ የአይሱዙ ባሌስትራ (ከመኪናው ሥር ጭነቱን የሚሸከመው ድርብርብ ብረት) ካርቶን ላይ «ሊፍ ስፕሪንግ» ተብሎ ለምን ይጻፋል? ስልኬም የቅጠል ጸደይ ብሎ ተረጎመልኝ» ነው ያልከው። እኔ ደብረ ብርሃን የመኪና መለዋወጫ ነው የምሸጠው። ይህ ቃል ከእጄ አይጠፋም፤ ካርቶኑ ላይ አለ፣ ካታሎጉ ላይ አለ። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ።

መጀመሪያ ሥሩን ያዝ። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ስፕሪንጋን» የሚባል ግስ ነበር። መዝለል፣ ተስፈንጥሮ መነሳት፣ ፈንድቶ መውጣት ማለት ነው። ጀርመኖች ዛሬም መዝለልን «ሽፕሪንገን» ይሉታል። ስፕሪንግቦክ የምትባለው የደቡብ አፍሪካ ሚዳቋም ስሟን ያገኘችው በዝላይዋ ነው። እንግዲህ ጸደዩም፣ ምንጩም፣ ብረቱም የዚህ የአንድ ዝላይ ልጆች ናቸው።

ከስሞቹ ቀድሞ የመጣው የውሃው ነው። የታሸገ ውሃ ላይ «ስፕሪንግ ዋተር» የሚል አይተህ ይሆናል፤ የምንጭ ውሃ ማለት ነው። መንዝም ሆነ ተጉለት ያደገ ሰው ይህ አይጠፋውም። ምንጩ አጠገብ ቁጢጥ ብለህ ስታይ ውሃው ከሥር አሸዋውን እየገፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ መሬት ውስጥ ታፍኖ ቆይቶ መውጫ ሲያገኝ ነው እንደዚያ የሚዘለው። እኛም ከዚህ ብዙ አንርቅም። ውሃ መነጨ እንላለን፣ ይህ ሐሳብ ከምን መነጨ እንላለን። እንግሊዞቹም ለሐሳቡም ለውሃውም ስፕሪንግን ይጠቀማሉ። «ኦፍስፕሪንግ» የሚለውም ከዚሁ ነው፤ ከአንድ ሰው የወጣ ዘር፣ እኛ የአብራክ ክፋይ የምንለው።

ወቅቱ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይጣፍጣል። እንግሊዞች ድሮ ያንን ወቅት ስፕሪንግ አይሉትም ነበር። «ሌንክተን» ነበር የሚሉት፤ ቀኑ የሚረዝምበት ጊዜ ስለሆነ ከርዝመት ጋር የተያያዘ ስም ነው። ያ ስም ዛሬ የቀረው በጾም ላይ ነው፤ ዐቢይ ጾምን «ሌንት» ይሉታል። ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ «የሚፈነዳበት ጊዜ» ማለት ጀመሩ፣ በ16ኛው ደግሞ «የቅጠል ስፕሪንግ»፣ «የዓመቱ ስፕሪንግ» አሉት። ቅጠሉ ከደረቀው እንጨት ፈንድቶ የሚወጣበት ማለታቸው ነው። ኋላ አሳጠሩትና ስፕሪንግ ብቻ ቀረ። የሚረግፍበትንም «የቅጠል ውድቀት» ይሉት ስለነበር አሜሪካኖቹ እስከዛሬ መውደቅ በሚለው ቃል፣ «ፎል» ብለው ይጠሩታል። ሁለቱ ስሞች ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ሲወጣ፣ አንዱ ሲወድቅ።

ጸደይ የሚለው ትርጉም ታዲያ ልክ ነው ወይ? ልክ ነው፣ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። የአውሮፓውያኑ ስፕሪንግ ከማርች እስከ ሜይ ስለሆነ በአብዛኛው ይገጥማል። እኛ ጋ ግን ምድር በአበባ የምትሸፈነው በመስከረም ነው፣ አደይ ሲፈነዳ። ለዚህ ይመስለኛል ብዙ ሰው መስከረምን ጸደይ የሚለው። የፈረንጅ ታሪክ ስትተረጉም ወሩን እይ። ገበሬው በስፕሪንግ ዘራ የሚል ካለ፣ ለሰሜን ሸዋ ደጋ አንባቢ በልግ ብትለው ወዲያው ይገባዋል፤ የበልግ ገብስ የማያውቅ ደገኛ የለም፣ ወሩም ይቀራረባል። «የፕራግ ጸደይ» ሲባል ደግሞ፣ በ1968 በፈረንጆች አቆጣጠር ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ የታየው የፖለቲካ ለውጥ፣ ከከባድ ብርድ በኋላ የመጣ ተስፋ ማለት ስለሆነ ጸደይ ማለቱ ያስኬዳል።

አሁን ወደ ብረቱ። ስፕሪንግን ለብረት የተጠቀሙበት ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። ስትጫነው ይሸሻል፣ ስትለቀው ይዘላል፤ ስሙም ከዚያ ነው። እስክሪብቶህን ፍታና ውስጡ ያለውን ጥምዝምዝ ሽቦ ተመልከተው። እኛ ይህን ጥምዝምዙን ሞላ እንለዋለን፣ ድርብርቡን ባሌስትራ። ሁለቱም ጣሊያንኛ ናቸው፤ እንደ ጎማና ፍሪሲዮን ሁሉ። ባሌስትራ በጣሊያንኛ ደግሞ የድሮ መሣሪያ ነው፣ በእንጨት ላይ የሚወጠር ቀስት። እውነትም ባሌስትራን አጋድመህ ብታየው ቀስት ነው።

ስልክህ «ቅጠል» ያለው ከየት እንዳመጣውም ልንገርህ። ባሌስትራ አንድ ብረት አይደለም። ከላይ ረጅሙ አለ፣ ጫፍና ጫፉ ተጠቅልሎ ቀለበት የሠራው፤ ከሥሩ እያጠሩ የሚሄዱ ሌሎች ይደራረባሉ፣ መሃላቸው በቡሎን ይታሰራል። እንግሊዝኛው እያንዳንዱን ሉህ «ሊፍ» ይለዋል፤ ሊፍ ቅጠልም ነው፣ የመጽሐፍ ሉህም ነው፣ ስስ ብረትም ነው። ስለዚህ «ሊፍ ስፕሪንግ» የዛፍ ቅጠልም ጸደይም የለበትም፣ ባሌስትራ ነው በቃ። ጭነት የሞላ አይሱዙ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ከጎኑ ሆነህ እየው፤ ባሌስትራው ዝርግ ብሎ ተኝቷል። ጭነቱ ሲራገፍ ተመልሶ ይጎብጣል። ያቺ መመለሷ ናት ስፕሪንግ።

አንድ ደንበኛዬ በስልክ ከአዲስ አበባ «ስፕሪንግ ላኩልኝ» ብሎ ብቻ አዞ ባሌስትራ ፈልጎ ሞላ መጣለት። ለዛ ነው ከፊቱ ያለውን ቃል ሳታይ አትተርጉም የምለው። «ኮይል» ካለ ሞላ ነው፣ «ሊፍ» ካለ ባሌስትራ፣ «ቫልቭ» ካለ የሞተር ውስጧ ትንሿ ሞላ፣ «ሆት» ካለ ፍል ውሃ። ግስ ሆኖ ከመጣም የሚዘለው ምን እንደሆነ ፈልግ። ፋብሪካዎች «ስፕራንግ አፕ» ካለ እንደ እንጉዳይ ፈሉ በለው፤ ጀልባ «ስፕራንግ ኤ ሊክ» ካለ ማፍሰስ ጀመረች ነው። «ስፕሪንግ ታይድ» የሚል ካጋጠመህ ከጸደይ ጋር አታገናኘው፤ ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ ባሕሩ ከወትሮው በላይ የሚነሳበት ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ይመጣል።

ለአይሱዙው ልታዝ ከሆነ ደግሞ «ሊፍ ስፕሪንግ» ብለህ፣ የፊት ወይም የኋላ መሆኑን፣ ከላይ ስንተኛው ሉህ እንደተሰበረ ጨምርና ጻፍ። የአሮጌውን ርዝመትና ውፍረት ለክተህ፣ ፎቶ ካለህም አብረህ ላክ።