ድሮን ከመኪና ላይ ሲነሳ ኮምፓሱ ለምን ይስታል? ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከዚራ ሰፈር አንድ የሠርግ ድሮን ከመኪና ኮፈን ላይ ተነስቶ ኒም ዛፍ ውስጥ ገባ። ሙሽሮቹ ከሥሩ ቆመው ነበር። ማንም ባለመጎዳቱ ተመስገን ነው። ድሮኑ ለጥገና እኔ ጋ መጣ፤ ሁለት ፕሮፔለር ተሰብሯል፣ ካሜራው ተንጠልጥሏል። አብራሪው ልጅ «ነፋስ ነው» ይላል። ነፋስ አይደለም፤ ኮምፓስ ነው። የምትጠይቁትን ጠይቁኝ።

የሳቢያኑ፦ አቦ፣ ኮምፓስና መኪና ምን አገናኛቸው? ጂፒኤስ አለው አይደል?

መልስ፦ ጂፒኤስ የት እንዳለህ ይነግርሃል። ወዴት እንደዞርክ አይነግርህም። ድሮኑ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ አፍንጫው ወዴት እንደሆነ የሚያውቀው በኮምፓስ ነው። ኮምፓሱ የሚለካው ደግሞ የምድርን ማግኔት ነው፤ እሱ በጣም ደካማ ነው። እኛ አካባቢ 36 ማይክሮቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ብቻ ነው። የመኪናው ላሜራ፣ ሻንሲውና ሞተሩ ብረት ናቸው። ብረት ይህን ደካማ ነገር ወደ ራሱ ስቦ ያጣምመዋል። በር ውስጥ ያለው ስፒከር ደግሞ የራሱ ማግኔት አለው።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ድሮኑን ስታበራው የመጀመሪያ አቅጣጫውን ከኮምፓሱ ይወስዳል። ኮፈን ላይ ካበራኸው የተጣመመውን አቅጣጫ ይዞ ይነሳል። ትንሽ ከፍ ሲል የመኪናው ብረት ይለቀዋል። ያኔ ኮምፓሱ «ዞረናል» ይላል፣ ጋይሮው (መዞርን የሚለካው ሌላው መሣሪያ) «ኧረ አልዞርንም» ይላል። ድሮኑ ማንን ይመን? ነፋስ ወደ ምሥራቅ ገፋ ሲያደርገው ወደ ምዕራብ ልመለስ ይላል፤ ግን ምዕራብ ብሎ የያዘው ምዕራብ አይደለም። ወደ ጎን ይሄዳል። ያርማል፣ መልሶ ይስታል። ከታች ለሚያይ ሰው ክብ እየሠራ ይዞራል፣ ክቡም እየሰፋ ይሄዳል። የቅዳሜውን ቪዲዮ አይቼዋለሁ። ሦስት ጊዜ ነው የዞረው። ሦስተኛው ዙር ላይ ኒሙ ነበር።

ስለዚህ ከመኪናው አሥር ርምጃ ራቁ። መሬት ላይ አስቀምጡት። ያበራችሁትም እዚያው ይሁን እንጂ መኪና ውስጥ አብርታችሁ ይዛችሁት እንዳትወርዱ።

የመጋላው፦ ከፖርቶመጋላ ላይስ? ከሞተሩ ይርቃል።

መልስ፦ ፖርቶመጋላውም ብረት ነው፣ ከሥሩም ላሜራ አለ። አሥር ርምጃ።

የጀጎሏ፦ የኔ ድሮን ሁሌ ይረብሻል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ «ይረብሻል» ብለሽኝ ምን ልበልሽ? ከየት አስነሳሽው? ስክሪኑ ላይ ምን ጻፈ? ከመነሳቱ በፊት ነው ከተነሳ በኋላ? እነዚህን ጻፊልኝና እመልሳለሁ።

የሐረሩ፦ እኔ ያለኝ የድሮ ላንድሮቨር ነው። ቦዲው አሉሚኒየም ስለሆነ ማግኔት አይነካውም። የኔስ ይቻላል?

መልስ፦ ስለ ቦዲው ልክ ነህ። ሻንሲው ግን ብረት ነው። ሞተሩም፣ ባሌስትራውም፣ ቸርኬውም ብረት ነው። አሉሚኒየሙ ከሥሩ ያለውን ብረት አይከልልልህም።

የመጋላው፦ ሐረር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የላንድሮቨር ከተማ የሆነችው? ሐረር የፔጆ 404 ናት!

የሐረሩ፦ እሱማ ታክሲው ነው። እሱንም ባጃጅ እየተካው ነው።

የገንደቆሬው፦ ባጃጅ ጣሪያው ሸራ ነው እኮ! ከባጃጅ ላይ ማስነሳት ይቻላላ!

የመጋላው፦ ፔጆን ከባጃጅ ጋር አታወዳድር፤ አባቴ በአንድ ፔጆ ስድስት ልጅ አሳድጓል።

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ ወደ ጉዳያችን እንመለስ። የባጃጁ ሸራ የተወጠረው በብረት ነው፣ ሞተሩም ከኋላ ወንበሩ ሥር ነው። አይቻልም።

የለገሃሬው፦ እኔ መኪና የለኝም። ከፎቅ ጣሪያ ላይ ነው የማስነሳው፤ እሱም «ኮምፓስ» እያለ ይጮሃል።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሶሌታው ውስጥ ፌሮ አለ። ድሮኑን ሲሚንቶው ላይ ስታስቀምጠው ከፌሮው በጥቂት ሳንቲሜትር ነው የሚርቀው። በእንጨት ጠረጴዛ ከፍ አድርገው፤ ብዙ ጊዜ ይረዳል። የምንጠላው ነገር ትንሽ ማግኔት ከሆነ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ ሃያ ሰባተኛ። መኪናና ሶሌታ ሰፊ ስለሆኑ በቅርብ እንዲህ ቶሎ አይቀንሱም። አሥር ርምጃ የምለው ለዚህ ነው። የድሮው ባቡር ጣቢያ ጋ የምትቀርጹም ከሐዲዱ ራቁ።

የሳቢያኑ፦ ታዲያ መኪናው አጠገብ ድሮኑን እያሽከረከርን ኮምፓሱን ካሊብሬት ካደረግነው፣ ማለት ልኩን እንደገና ካስያዝነው፣ አይስተካከልም?

መልስ፦ በፍጹም! ይህን ስሰማ ሆዴ ይላወሳል። ካሊብሬት ስታደርግ ድሮኑ የራሱን ብረትና የራሱን ገመድ ከልኬቱ መቀነስ ነው የሚማረው። መኪና አጠገብ ከሆንክ የመኪናውንም የራሱ አድርጎ ይመዘግበዋል። መዝገቡ አይጠፋም። ነገ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ ብረት በሌለበት ብታስነሳው እንኳ ስህተቱ አብሮት ይበራል። የቅዳሜውም ልጅ ያደረገው ይህንኑ ነው። ስክሪኑ ስለጮኸበት ኮፈኑ አጠገብ ቆሞ አሽከረከረው፣ ጩኸቱ ቆመለት፣ አስነሳው። ጩኸቱ የነገረው «ቦታ ቀይር» ነበር። ካሊብሬት የሚደረገው ድሮኑ ከመኪናና ከፌሮ ርቆ ሳለም ሲጠይቅ ነው። ስልክ ከኪስ፣ ሰዓት ከእጅ፣ ቁልፍ ከወገብ ይውጣ።

የጀጎሏ፦ ይቅርታ፣ ከመነሳቱ በፊት ነው። ከአባቴ መኪና ኮፈን ላይ ነበር።

መልስ፦ አመሰግናለሁ እህቴ። መልሱ ከላይ አለ። አሥር ርምጃ።

የገንደቆሬው፦ ፈቃድ ከየት ነው የሚወጣው?

መልስ፦ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቅ። ያለ ፈቃድ አታብርር። ከኤርፖርቱ ራቅ።

የሐረሩ፦ ማታ ጅብ ሲመገብ ልቀርጽ ብዬ ነበር። ከመኪና ልነሳ? መሬቱ ላይ ጅብ አለ።

መልስ፦ ጨለማ ውስጥ ከሥር ያለው ካሜራ መሬቱን አያይም፤ ያኔ ድሮኑ የሚተማመነው በጂፒኤስና በኮምፓስ ብቻ ነው። ኮምፓሱን አበላሽተህ ጨለማ ውስጥ ሰው ላይ አታስነሳ። በካሜራ ቅረጽ።

የለገሃሬው፦ እዚህ አገር ኮምፓስ ከውጭ አገር ይለያል ሲሉ ሰማሁ።

መልስ፦ ይህን ስለጠየቅክ ደስ ብሎኛል። የማግኔት ወገብ የሚባለው መስመር በእኛ አቅራቢያ ያልፋል። ሰሜን አውሮፓ ውስጥ የምድር ማግኔት ወደ መሬት በጣም ያዘነብላል፤ አቅጣጫ የሚያሳየው አግድም ክፍሉ ትንሽ ነው። እኛ ጋ ሙሉው ለማለት ይቻላል አግድም ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በ1957–58 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጊዜ ሲተከል ቦታው ተፈላጊ የሆነው ለዚሁ ነው። ስለዚህ አገራችን ለኮምፓስ ምቹ ናት። የሚያበላሽብን መኪናችን ነው።

የመጋላው፦ ባትሪው በድሬ ሙቀት ቶሎ ያልቃል?

መልስ፦ ፀሐይ ላይ አታስቀምጠው። ሌላ ቀን።

የሳቢያኑ፦ ከመነሳታችን በፊት በምን እናውቃለን?

መልስ፦ ስክሪኑ ላይ ካርታውን ክፈት። የድሮኑ ቀስት ወዴት እንደሚያሳይ እይ፣ ከዚያ አፍንጫውን እይ። የቅዳሜው ቪዲዮ ላይ አፍንጫው ወደ ደንገጎ ተራራ ነው፤ ቀስቱ ግን ወደ መልካ ጀብዱ አጋድሏል። ማንም አላየውም። ለማመን የሚቸግረው ካለ ተራ የእጅ ኮምፓስ ይዞ ከመኪናው አሥር ርምጃ ይቁም፣ ቀስ እያለ ወደ ኮፈኑ ይሂድ፣ ዓይኑን ከመርፌው አይንቀል። ደቻቱ ደረቅ ሲሆን ሰፊና ጥሩ ቦታ ነው። ግን በክረምት እንዳትወርዱ። ከተማው ሳይዘንብ ተራራው ላይ ዘንቦ ጎርፍ ይመጣል፤ የ1998ን ክረምት የምናውቅ እናውቃለን።

የገንደቆሬው፦ አሁን ሞከርኩት። ሦስት ርምጃ ሲቀረኝ መርፌው መንቀሳቀስ ጀመረ። ኮፈኑ ላይ ሳስቀምጠው ወደ ሞተሩ ዞሮ ቀረ!

መልስ፦ በባጃጁም ሞክርና ንገረን።