በታንኳ የሙሉ ቀን ጉዞ በባሕር ወሽመጥ፦ ጥያቄና መልስ

ጠባብ ወሽመጥ ውስጥ ጠዋት ገብታችሁ ማታ ለመመለስ ያሰባችሁ ብዙ ጠይቃችኋል። እንደ አመጣጡ ልመልስ።

በአንድ ቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንሄዳለን?
ከኪሎ ሜትሩ በፊት የውሃውን ሰዓት እዩ። በረጋ ውሃ ላይ ሁለት ሰው ብዙ ሳይደክም በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀዝፋል። ወሽመጥ ግን አይረጋም፤ ባሕሩ ሲሞላ ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሲጎድል ይወጣል። ፍሰቱ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ከሆነ አብራችሁት ስትሄዱ 8፣ ስትጋፈጡት 2 ብቻ ትጓዛላችሁ። ያው ክንድ፣ ያው ታንኳ! ስለዚህ ሲሞላ ግቡ፣ ውስጥ ምሳችሁን ብሉ፣ መጉደል ሲጀምር ውጡ።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ሞልቶ ነበር፣ አሁንም እንደዚያው ነው?
አይደለም! በአብዛኛው የባሕር ዳርቻ ውሃው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ከሙላት እስከ ጉድለትም 6 ሰዓት አለፍ ይላል። ጨረቃን ስለሚከተል በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ በሳምንቱ ሞልቶ ባያችሁበት ሰዓት ጎድሎ ታገኙታላችሁ። ውሃው የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የሚያሳየውን የአካባቢውን ሠንጠረዥ ሳታዩ አትነሱ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ደግሞ ፍሰቱ ይበረታል።

ጎድሎ ጭቃ ላይ ብንቀርስ?
ታንኳው ውስጥ ሆናችሁ ጠብቁ። ጭቃው እግር ይውጣል፣ በእግር ለመውጣት አትሞክሩ።

ነፋስስ?
እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ የብሱ ሲሞቅ ነፋስ ከባሕሩ ወደ ውስጥ ይነፍሳል፣ እናንተ ደግሞ በዚያው ሰዓት ከሚወጣው ውሃ ጋር እየተመለሳችሁ ነው። ነፋስና ፍሰት ፊት ለፊት ሲጋጠሙ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ ክፍት ታንኳ ውስጥም ውሃ ይገባል። አንዴ እንዲህ ገጥሞኝ ግማሽ መንገድ ውሃ ስቀዳ ነበር። ሙላቱ ማለዳ የሚጀምርበትን ቀን ምረጡ። ነፋሱ ከቀደማችሁ ዳር ዳሩን ያዙ፣ ተንበርከኩ፣ ዕቃውን ወለሉ ላይ አድርጉ። ካልሆነም ወደ ዳር ወጥታችሁ እስኪበርድ ጠብቁ፤ ማምሸት ይሻላል።

ላይፍ ጃኬት ይሞቃል፣ አጠገባችን ብናስቀምጠውስ?
በፍጹም። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ቀጥሎ ጣቶቹ አልታዘዝ ይሉታል። ያኔ ጃኬት መልበስ አይታሰብም። ከተገለበጣችሁ ታንኳውን አትልቀቁ፣ ከሰው ጭንቅላት ይልቅ እሱ ከሩቅ ይታያል።

ምን ያህል የሚጠጣ ውሃ እንያዝ?
ለአንድ ሰው 3 ሊትር፣ ሲሞቅ 4። ዙሪያችሁ ያለው ጨው ነው።