ዲኤክሷን አትናቃት

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ነህ? የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነኝ፣ ስለዚህ መፍቻ ለመያዝ አላንስም። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን በሰዓት የሚለካ የዳገት ውድድርና አጭር የፍጥነት ውድድር እንጀምር እያልን ነው። ያጠራቀምኳት ብር ግን ስፖርት መኪና አትገዛም። አንዱ ጓደኛዬ ቪትዝ ግዛ ይለኛል። ሌላው ትልቅ ሞተር ያላት ያረጀች ጀርመን ሰራሽ ትሻልሃለች ይላል። ሰፈራችን ያሉ አንድ አባት ደግሞ ኮሮላ ዲኤክስ ይሸጣሉ፣ እሷን ሳነሳ ሁሉም ይስቅብኛል። የትኛዋን ልግዛ? ልምምዱንስ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ላይ ማታ ማታ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን ብናደርገው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ሐረጎ ላይ ማታ አትለማመዱም። አለቀ።

ባዶ የምትለው መንገድ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ኩርባውን ስትዞር መሀል መንገድ ላይ የቆመ ተሳቢ አለ፣ የኋላ መብራት የሌለው ባጃጅ አለ፣ ጉሙ ሲወርድ ደግሞ የራስህን ኮፋኖ ጫፍ አታይም። የዳገት ውድድር የሚካሄደው በተዘጋ መንገድ ላይ ነው። መኪኖቹ በየተራ ይነሳሉ፣ ለእያንዳንዱ ሰዓት ይያዛል፣ ማንም ከማንም ጋር ጎን ለጎን አይጋፋም። ደግሞ ለዚህ ሐረጎ ከላይ እስከ ታች አያስፈልጋችሁም። እንግሊዝ አገር ሼልስሊ ዋልሽ የሚባል ቦታ አለ፣ ከ1905 ጀምሮ (በፈረንጅ ነው፣ እዚህ የምጠቅሳቸው የመኪና ዓመታት በሙሉ እንደዚያው ናቸው) ሰው እየተወዳደረበት ነው። ርዝመቱ 914 ሜትር ብቻ ነው። ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም! እናንተም ከከተማው አስተዳደርና ከትራፊክ ፖሊስ ፈቃድ አውጥታችሁ፣ ዋና ያልሆነ አንድ አጭር ዳገት ለአንድ ጠዋት ቢዘጋላችሁ ይበቃል። እስከዚያው ባለቤቱ የፈቀደ ሰፊ ግቢ ፈልጉና የጀሪካን ቁራጭ ደርድራችሁ በመሀሉ ተጠማዘዙ። መሪ አያያዝ የሚለመደው እዚያ ነው።

አሁን ወደ መኪናው።

ጓደኞችህ የሚከራከሩት በፈረስ ጉልበት ነው፣ አይደል? እኛ አገር ግን በወረቀት የተጻፈው ጉልበት ሙሉው አይገኝም። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያነሰ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ሩቡ የለም ማለት ነው። በወረቀት 70 ፈረስ የተባለች ቪትዝ ደሴ ስትደርስ 50 ከምናምን ናት። ኮምቦልቻ ትንሽ ይሻላል፣ ከደሴ በ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ለዚህ ነው ታች ስትፈተልክ የነበረችው መኪና ሐረጎን ስትጨርስ የምትቃትተው። ነዳጁ ተበርዞብኝ ነው የሚል ሰው ስንቱን ሰማሁ!

ስለዚህ ጉልበት መጨመሩን ትተህ ክብደት መቀነሱን አስብ። 150 ፈረስ ያላት 1,500 ኪሎ የምትመዝን መኪናና 90 ፈረስ ያላት 900 ኪሎ የምትመዝን መኪና፣ ሁለቱም ለአንድ ፈረስ 10 ኪሎ ነው የሚሸከሙት። ዳገቱ ላይ እኩል ናቸው በል። ኩርባው ጋ ግን ያቺ ከባዷ 600 ኪሎ ትርፍ ይዛ ነው ፍሬን የምትይዘው፣ ትርፉን ይዛ ነው የምትዞረው። ጎማዋ ቶሎ ያልቃል፣ ፍሬኗ ቶሎ ይግላል፣ ነዳጇን ደግሞ ተወው። የጀርመኗ ነገር በዚሁ ተዘጋ። ዋጋዋ ርካሽ የሆነው ሰው ስለሸሻት ነው፣ አንዲት ሴንሰር ስትበላሽ አዲስ አበባ ደውለህ፣ ለምነህ፣ ሳምንት ጠብቀህ ነው። ውድድር ደግሞ በአብዛኛው በሲሲ፣ በሞተሩ መጠን ማለት ነው፣ ይከፈላል፣ 1.3 ከ1.3 ጋር ነው የሚፋለመው፣ ትልቅ ሞተር ይዘህ ብትመጣ የሚገጥሙህም ትልልቆች ናቸው።

ቪትዝ መጥፎ አይደለችም። ቀላል ናት፣ መለዋወጫዋ በየሱቁ አለ። ሁለት ነገር ግን ቅር ይለኛል። አንደኛ እዚህ ያሉት ብዙዎቹ አውቶማቲክ ናቸው፣ ዳገት ላይ ማርሹን የምትመርጠው አንተ ካልሆንክ ግማሹ ጨዋታ የለም። በእጅ ማርሽ የሆነች ያሪስ (ያቺው ቪትዝ ናት፣ በውጭ አገር ስሟ) ካገኘህ ሌላ ወሬ ነው፣ እሷን አትለፋት። ሁለተኛ የምትጎተተው በፊት ጎማ ነው። ዳገት ላይ ስትነሳ ክብደቷ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የፊት ጎማ ይቀልና ባዶውን ይሽከረከራል። ትንሽ አሸዋ ካለማ ተወው። መነሻው ላይ ያቃጠልከውን አንድ ሰከንድ ደግሞ ላይ ድረስ አታገኘውም።

እና ዲኤክሷ! የሚስቁብህ ይሳቁ። የምንላት ዲኤክስ በ1980ዎቹ የተሠራችው ኮሮላ ናት፣ 4ኬ የሚባል 1,290 ሲሲ ሞተር ያላት፣ የኋላ ጎማ የምትገፋ፣ 900 ኪሎ አካባቢ የምትመዝን፣ ማርሿ በእጅ። ዳገት ላይ ክብደቷ ወደ ኋላ ሲሄድ የሚጫነው የሚገፋው ጎማ ላይ ነው፣ ስለዚህ ትነክሳለች። ጃፓኖች በ1983 ያወጧት ያቺ በቁልቁለት መንገድ ዝናዋ የገነነው ኮሮላ፣ ኤኢ86 የሚሏት፣ የዲኤክሷ ታናሽ እህት ናት። እህትዬዋ 16 ቫልቭ ያለው 1.6 ሞተር ስላላት ትበልጣታለች፣ አጥንታቸው ግን አንድ ቤት ነው። የዲኤክሷ ጉልበት ትንሽ ነው፣ አልዋሽህም። በቀጥታ መንገድ ሚኒባስ ይቀድምሃል። ጀማሪ ግን የሚማረው በትንሽ ጉልበት ነው፣ ፍጥነትህን ኩርባው ላይ ከጣልከው መልሶ የሚያመጣልህ ሞተር ስለሌለ መስመርህን ሳትወድ ታስተካክላለህ። አንተ ደግሞ መካኒክ ነህ። ካርቡራተር ናት፣ ኮምፒውተር የላትም፣ በአንድ ሳጥን መፍቻ ትፈታታለህ። ለደጋው አየር ነዳጇን ትንሽ ማሳነስ አለብህ፣ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ነዳጅ በዝቶባታል ማለት ነው።

ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ወይም ሱዙኪ ስዊፍት ስፖርት የሚል ሰው ይኖራል። ልክ ነው፣ ውጭ አገር ቢሆን እኔም እነሱን እል ነበር። ግን በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል፣ አሁን ያለህ ምርጫ አገር ውስጥ ያለው ነው።

አንድ ነገር ላውጋህ። እኔም በጊዜዬ ዲኤክስ ነበረችኝ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ አራት ሰው ጭኜ፣ ማርሽ አራተኛ ላይ ትቼ ቁልቁለቱን በሙሉ በፍሬን ብቻ ያዝኩት። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ የተቃጠለ የጎማ ሽታ የሚመስል። ከፊቴ ካለው አይሱዙ መሰለኝ። ቀጥሎ ፔዳሉ ለሰለሰ፣ እንደ ስፖንጅ። በሦስተኛው ረገጣ እስከ ወለሉ ወረደ። ያኔ ነው የገባኝ። ደጋግሜ እየረገጥኩ ሦስተኛ፣ ከዚያ ሁለተኛ ከተትኳት፣ ሞተሩ ጮኸ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩና በተራራው በኩል ያለው ቦይ ውስጥ አስደግፌ አቆምኳት። ማንም አልተጎዳም። ኋላ የተቀመጠችው አክስቴ ግን ከዚያ ወዲህ መኪናዬ ውስጥ ገብታ አታውቅም። በማግስቱ የፍሬን ዘይቱን ሲያንቆረቁሩት እንደ አቦል ቡና ጠቁሯል። መካኒኩ አየው፣ አየኝ፣ «ይሄ ዘይት ከልጄ ይበልጣል» አለኝ።

የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው፣ ውሃ ሲጠጣ ግን ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 አዲስ ሲሆን 230፣ ውሃ ሲጠጣ 155 ነው። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም፣ ፔዳሉ የሚወርደው ለዚህ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ወጪህ ማርሚታ መቀየር አይደለም፣ ጩኸቱ ሰዓት አይቀንስም። መጀመሪያ አዲስ ዶት 4፣ አዲስ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ጎማ ቱቦዎች። ከዚያ ጎማ። ብርህን ከሦስት ክፈለው፣ ሁለቱን እጅ ለመኪናዋ፣ አንዱን እጅ ለፍሬን፣ ለጎማ፣ ለቀበቶና ለራስ ቁር። ይሄ እጅ ከሌለህ ርካሽ መኪና ፈልግ እንጂ ይሄን አትንካ። ጎማ ስትገዛ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብብ፣ 1221 ካለ በ2021 በ12ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው የሄደ ጎማ ደርቋል፣ አይነክስም።

አባትየው ጋ ስትሄድ ጠዋት ሂድ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ። «አሙቄ ልጠብቅህ» ካሉህ እምቢ በል፣ በትህትና። ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ካወጣች ዘይት ትበላለች። ኮምፕሬሽን መለኪያ ከፋብሪካው ተዋስ፣ በከፍታችን ምክንያት መጽሐፉ ከሚለው ያነሰ ያሳይሃል፣ አትደንግጥ፣ አራቱን ሲሊንደር እርስ በርስ አወዳድር። አንዱ ብቻውን ከወረደ ቫልቭ ወይም ፋሻ ነው፣ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ከወረዱ ጓርኒሲዮን ነው። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ በላሜራው ላይ አሳልፍ፣ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። ምንጣፉን ገልብጠህ ከፔዳሉ ስር ያለውን ወለል በጣትህ ተጫን፣ ከተንኮሻኮሸ ዝገት በልቶታል። ቴስቲናውን፣ የፊት ጎማውን መገጣጠሚያ ማለቴ ነው፣ አወዛውዝ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ራስህ አስተያይ፣ ደላላ ሲያነብልህ አይደለም።

ከገዛሃት በኋላ የኋላ ወንበሯን አውጣ፣ ትርፍ ጎማውን አውርድ፣ ባትሪውን በደንብ እሰር፣ የነዳጅ መስጫው ላይ ሁለተኛ ሞላ ጨምር፣ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይመልሰዋል። ስትገለበጥ ጣሪያው እንዳይጫንህ ተብሎ በጋራዥ በቱቦ ብረት ውስጧ የሚበየደውን የብረት አጥንት ግን አሁን ተወው። ያለ ራስ ቁር በየቀኑ የምትነዳት ከሆነ ጭንቅላትህን የሚመታህ እሱ ራሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከደሴ ነኝ፣ ቧንቧ ውሃ። ወንድሜ የዳገት ውድድር በኤሌክትሪክ መኪና ነው የሚያምረው እያለ ያደርቀናል። እውነት ነው ወይስ ጉራ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ ግማሹን እውነት ነው የያዘው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፣ ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ ጉልበቱ ያው ነው። አሜሪካ ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ ላይ ውድድሩ 4,302 ሜትር ላይ ያልቃል፣ 156 ኩርባ አለው። በ2013 ሴባስቲያን ሎብ 875 ፈረስ ባላት ፔጆ በ8 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ወጣው። በ2018 ሮሜን ዱማ 680 ፈረስ ብቻ ባላት የኤሌክትሪክ ቮልስዋገን በ7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ጨረሰው። ፔጆዋ ቱርቦ ነበራት፣ የሳሳው አየር ግን እሷንም ይነካታል። ኤሌክትሪኳን አይነካትም።

ሌላው ግማሽ ግን ያቺ ቮልስዋገን ለውድድር ብቻ የተሠራች፣ 1,100 ኪሎ የማትሞላ ናት። መንገዳችን ላይ የምታያት አይዲ ፎር 2 ቶን አካባቢ ትመዝናለች። ወደ ላይ ትስፈነጠራለች፣ ኩርባው ላይ ግን ያ ሁሉ ባትሪ ወደ ውጭ ይጎትታታል፣ ጎማውም በአንድ ቀን ይላጋል። ዋጋዋን ደግሞ ወንድምሽ ይንገርሽ። ለጀማሪ አላስገዛም። ቤት ውስጥ ካለች ግን ግቢ ውስጥ ጀሪካን ደርድሮ ይለማመድባት፣ ከመነሳቱ በፊት ከኋላ ያለውን ዕቃ በሙሉ ያውርድ። የእናታችሁን ጀበናም ጭምር።