የተተወ ሞድ ባለቤት አለው?

ጥያቄ፦ ስካይሪም ለተባለው የቪዲዮ ጌም የተሠራ አንድ የጦር መሣሪያ ሞድ (ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨምሩት ነገር) አለ፤ ሠሪው ከተወው ዓመታት አልፈዋል። ሁለት ሰይፎች የሚያደርሱት ጉዳት ከልክ ያለፈ ነው፣ የአንዱ ስምም ተሳስቶ ተጽፏል። አስተካከልኩት። ለሠሪው ብጽፍም መልስ የለም። ስሙን ጠቅሼና አመስግኜ ብለቀውስ?

መልስ፦ ምስጋና ፈቃድን አይተካም። ሠሪው ጠፋ ማለት ሥራውን ለሁሉም ሰጠ ማለት አይደለም፤ የቀረጻቸው ሞዴሎችና ቴክስቸሮች (የሞዴሎቹን ገጽ የሚሸፍኑ ምስሎች) የቅጂ መብት የእሱው ነው። ጌሙ የቤተዝዳ ኩባንያ መሆኑ ይህን አይሽረውም፤ «እሱም የሰው ጌም ላይ ነው የሠራው» የሚለው ክርክር ውሃ አያነሳም።

መጀመሪያ የሞዱ ገጽ ላይ ያለውን የፈቃድ ክፍል ያንብቡ። ሞዶች በሚጋሩበት ኔክሰስ ሞድስ ድረ ገጽ ላይ ማሻሻል፣ ሌላ ድረ ገጽ ላይ መጫን፣ ወደ ሌላ ጌም ማዛወርና ፋይሎቹን መጠቀም ለየብቻ ነው የሚፈቀዱት፤ አንዱ ሌላውን አይጨምርም። ዚፑ ውስጥ ያለውን ሪድሚም (የሠሪውን ማብራሪያ የያዘ የጽሑፍ ፋይል) ይክፈቱ፤ «ከጠፋሁ ቀጥሉበት» የሚል ቃል አንዳንዴ የሚገኘው እዚያ ነው።

ፈቃድ ከሌለ ፓች (ማስተካከያውን ብቻ የያዘ ትንሽ ፋይል) ይሥሩ። የስካይሪም ሞዶች በሚታረሙበት ኤስኤስኢኤዲት ፕሮግራም ላይ ሞዱን ይክፈቱ፣ እያንዳንዱን ሰይፍ በቀኝ ክሊክ ነክተው «ኮፒ አዝ ኦቨርራይድ ኢንቱ» ይበሉና አዲስ የኢኤስፒ ፋይል (የሞዱን መረጃ የሚይዝ ፋይል) ይፍጠሩ። ጉዳቱንና ስሙን የሚቀይሩት እዚህ አዲሱ ፋይል ላይ ብቻ ነው። ፋይሉ ዋናውን ሞድ ማስተር (ያለ እሱ የማይሠራበት መሠረት) አድርጎ ስለሚመዘግብ ተጠቃሚው ዋናውን ከሠሪው ገጽ ማውረድ ግድ ይለዋል፤ የተፈለገውም ይኸው ነው። ማስተሩ የጎደለበት ሰው ጌሙ ገና ሲነሳ ይዘጋበታል። ስለዚህ የዋናውን ሊንክና የሠሩበትን ቨርዥን ገጽዎ አናት ላይ ያስቀምጡ፤ ፓቹ በሎድ ኦርደር (ጌሙ ሞዶቹን በሚያነብበት ቅደም ተከተል) ከዋናው ቀጥሎ እንደሚመጣም ይጻፉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዚፕ ሲያደርግ ነው፤ የሠሪው የሜሽ (የሞዴሎች ቅርጽ) እና የቴክስቸር ፎልደሮች አብረው ይገባሉ። ከመልቀቅዎ በፊት ዚፑን ከፍተው ይዩት፤ ከኢኤስፒው ሌላ ምንም መገኘት የለበትም። ያስተካከሉት ስክሪፕት ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ዘዴ አያዋጣም ነበር፤ አንድ መስመር ቢነኩም የቀረው የሠሪው ኮድ እንዳለ አብሮ ይወጣል።

ጥያቄ፦ የራሴን ሞድ መሸጥ እችላለሁ?

መልስ፦ እንደ ጌሙ ውል ነው። ማይንክራፍት ከባዶ የሠሩት ሞድ የእርስዎ መሆኑን ይቀበላል፣ መሸጡን ግን ይከለክላል። የጌም ኩባንያው ብሊዛርድ በበኩሉ በ2020 ባወጣው ደንብ በጌሞቹ ላይ የሚሠሩ ብጁ ጨዋታዎች የራሱ መሆናቸውን አስፍሯል። ውሉ ቢፈቅድም ከሌሎች የተዋሱትን ይቁጠሩ። የጌም መሸጫው ስቲም በኤፕሪል 2015 የስካይሪም ሞዶችን መሸጥ ሲጀምር አንድ የዓሣ ማጥመጃ ሞድ ወዲያው ከሽያጭ ወርዷል፤ የሌላ ሞደር የአኒሜሽን ሥራ ላይ የተመሠረተ ነበርና። ሽያጩ ራሱም ከቀናት አልዘለለም። በነፃ ለሚለቀቅ ሞድ የተሰጠ ፈቃድ ለሽያጭ አያገለግልም፤ እንደገና ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሞዴን ከኔክሰስ ማጥፋት ፈልጌ ነበር።

መልስ፦ ከ2021 ወዲህ ገጹን መደበቅ እንጂ ፋይሉን ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም። ሞዱን የያዙ ኮሌክሽኖች (ተጠቃሚዎች ያዘጋጇቸው የሞዶች ስብስቦች) እንዳይሰበሩ ፋይሉ በማኅደር ይቀመጣል። ይህን የማይፈልጉ ከሆነ ከመጫንዎ በፊት ያስቡበት።