ሰዓቱን ያዙ እንጂ ሰዓቱ አይያዛችሁ፦ ለወጣት የሩጫ አሰልጣኞች

ልጆቼ፣ የደመወዙ ማነስና የውሉ ማጠር ጫና እንዳለው አልክድም። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ሰንዳፋ መውረዱም ቀላል አይደለም። በአንድ ሥራ ላይ አንዱ እየሳቀ ሲከርም ሌላው እንቅልፍ የሚያጣው ግን ብዙ ጊዜ ስህተትን በሚያይበት ዓይን ነው።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ፍፁምነት ፈላጊነትን ሁለት መልክ ይሰጡታል፤ ለራስ ከፍ ያለ ግብ አውጥቶ መትጋት፣ እና ስህተትን መፍራት። ከጭንቀትና በሥራ ከመዛል ጋር ይበልጥ የተቆራኘው ፍርሃቱ ነው። ይሉኝታ እንደ ጨዋነት በሚቆጠርበት አገር ደግሞ ይህ ፍርሃት ትጋት መስሎ ሰተት ብሎ ይገባል።

ሱሉልታ ላይ 10 ጊዜ 1000 ሜትር አዘዛችሁ እንበል፤ እያንዳንዱ በ3 ደቂቃ፣ ዕረፍቱ 2 ደቂቃ። ሰባተኛው 3፡05 ሆነ። የፈራ አሰልጣኝ ፊቱን ያጠቁራል፣ ዕረፍቱን ወደ 90 ሰከንድ ያሳጥራል፣ አስራ አንደኛ ይጨምራል። ሯጩ የተረከዙ ጅማት እንደያዘው ሊናገር ነበር፤ ፊታችሁን አይቶ ዋጠው። ለነገሩ በዚያ ከፍታና በሳሳ አየር፣ ቆላ ላይ የተሮጠን ሰዓት መጠበቁ ራሱ የአሰልጣኙ ስህተት ነው።

ስለዚህ ማታ፣ ሳትናደዱ፣ የነገውን ልምምድ ወሰን ደብተር ላይ ጻፉት፦ «ከ2፡57 እስከ 3፡03፤ ሁለት ተከታታይ ዙር ከዚህ ከወጣ ይቁም»። ጠዋት የሚወስነው ደብተሩ ይሁን።

ጠባይ በቀላሉ አይለወጥም፤ ሥራውን ለጠባያችሁ አመቻቹት። ተጨናቂ ከሆናችሁ የውድድርን ውጤት በዚያው ምሽት አትተንትኑ፤ አንድ ሌሊት ይደርበት። ሁሉን በእጄ ካልያዝኩ የምትሉ፣ ማሟሟቂያውን ሙሉ በሙሉ ለምክትላችሁ ስጡና ሌላ ቦታ ቁሙ፤ ቆማችሁ ካያችሁ ማረማችሁ አይቀርም። ዝምተኞች የማናጀር ስልክ የምትመልሱበት አንድ ሰዓት ለዩ።

አንድ ምልክት ደግሞ ልብ በሉ። ሯጩን በስሙ መጥራት ትታችሁ በማራቶን ሰዓቱ «ያ የ2፡06ቱ» ማለት ከጀመራችሁ ድካሙ ዘልቋል። ያኔ ለአንድ ሳምንት የሰዓት መያዣውን ለምክትላችሁ ስጡና ጫካ ውስጥ ቀላል ሩጫ የሚሮጡትን ብቻ ተከተሉ።