ሲ አለፈ፣ ዲ ወደቀ፦ ስለ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት ጥያቄና መልስ

በየሰርጉና በየለቅሶው የምትጠይቁኝን ዛሬ እዚህ ልመልስ። በሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ምርጫ ጣቢያ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ ዜግነት ያልያዘ ሰው ለካውንቲም ሆነ ለፌዴራል ምርጫ አይመዝገብ። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ስለ መራጭነት ምዝገባ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ግሪን ካርድ ብቻ ካላችሁ አትመዝገቡ።

የሊያ እናት፦ ጋሼ፣ በ2020 ምርጫ ወረቀቱ ላይ ሲ እና ዲ ተብለው ለሕዝብ የቀረቡት ጥያቄዎች ምን ነበሩ? አሁንም ሰው ሲከራከርባቸው እሰማለሁ።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከ1990 ጀምሮ ምክር ቤቱ 9 አባላት ነበሩት። 5ቱ ከየዲስትሪክታቸው (ከየምርጫ ክልላቸው)፣ 4ቱ በመላው ካውንቲ ሕዝብ ይመረጡ ነበር። እነዚህን 4ቱን "አት ላርጅ" እንላቸዋለን። ጥያቄ ሲን ያቀረበው ራሱ ምክር ቤቱ ነው፦ አባላቱ 11 ይሁኑ፣ ዲስትሪክቱ ወደ 7 ይደግ፣ 4ቱ አት ላርጅ ይቆዩ። ጥያቄ ዲ የመጣው ከመራጮች በተሰበሰበ ፊርማ ነው፦ አት ላርጅ ይቅር፣ 9ኙም ከዲስትሪክት ይመረጡ። ቻርተሩን፣ ማለት የካውንቲውን መተዳደሪያ ሕግ፣ ለመቀየር ጥያቄ በፊርማ ለማቅረብ 10,000 የተመዘገበ መራጭ ይበቃል። ሲ አለፈ፣ ዲ ወደቀ። በ2022 የመጀመሪያው የ11 ሰው ምክር ቤት ተመረጠ።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቱ። ካውንቲው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለው። በ5 ዲስትሪክት አንዱ ተመራጭ ከ210 ሺህ በላይ ሰው ይወክል ነበር። በ7 ወደ 150 ሺህ ወረደ። በ9 ቢሆን ወደ 118 ሺህ ይሆን ነበር። ስለዚህ "ተመራጬ ይቅረበኝ" ላለ ሰው ዲ ይስባል። ግን ሌላም ሒሳብ አለ። በድሮው አሠራር እያንዳንዳችን ከ9ኙ 5ቱን እንመርጥ ነበር፤ የራሳችንን አንድና አት ላርጆቹን። ዛሬም 5 እንመርጣለን፣ ግን ከ11 ነው። በዲ ከ9 አንዱን ብቻ ነበር። እኔ ዲን የተቃወምኩት ለዚህ ነው። ስልክ ደውዬ "ድምፄን ሰጥቼሃለሁ" የምለው ሰው አምስት ቢሆን ይሻለኛል።

ዳማስከስ ነዋሪ፦ ይሄ ለእናንተ ለሲልቨር ስፕሪንግ ሰዎች ነው የሚሠራው። አት ላርጆቹ በአብዛኛው ከታች፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ የሚመጡ ናቸው። እንደ ዳማስከስ ያለው ላይኛው፣ ሰሜኑ ካውንቲ መንገድ ይሠራልኝ ሲል ማን ይሰማዋል?

መልስ፦ ቅሬታችሁ እውነት ነው። አልክድም።

የፒኒ ብራንች ልጅ፦ ቅሬታው እውነት ቢሆንም ከዲ ጀርባ ሪፐብሊካኖች ነበሩ። የሪል ስቴት ባለሀብቶችም ገንዘብ አዋጥተውበታል።

ዳማስከስ ነዋሪ፦ ቢኖሩስ? ከ2006 ምርጫ ወዲህ አንድም ሪፐብሊካን ምክር ቤቱ ውስጥ የለም። አንድ ወንበር ቢያገኙ ምን ይጎዳሃል? እኔ ሪፐብሊካን አይደለሁም፣ ግን 11 ሰው ከአንድ ፓርቲ ሲሆን ማን ማንን ይቆጣጠራል?

የፒኒ ብራንች ልጅ፦ ሕዝቡ ካልመረጣቸው ካርታ ቀይረን እንስጣቸው እንዴ?

ዳማስከስ ነዋሪ፦ ካርታውን አሁንም የሚያጸድቀው ራሱ ምክር ቤቱ አይደለም?

መልስ፦ ሁለታችሁም ይብቃችሁ። የዲሞክራት ፓርቲ ኮሚቴ ሲን ደግፎ ዲን ተቃወመ፣ ሪፐብሊካኖቹ ዲን ደገፉ። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

አዲስ ገቢ፦ የሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ ማን ነው?

መልስ፦ ከንቲባ የለውም። ራሱን የቻለ ከተማ አይደለም፤ በቀጥታ የሚያስተዳድረው ካውንቲው ነው። ሮክቪል፣ ጌተርስበርግና ታኮማ ፓርክ ከንቲባ አላቸው።

ባለ ሱቁ፦ የቤት ግብር ለምን ጨመረ?

መልስ፦ የዛሬ ርዕሳችን አይደለም።

ጎንደሬው፦ ጎንደር የካውንቲው እህት ናት ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው።

ኡበር ሹፌር፦ የኔ ድምፅ ምን ይለውጣል? በኖቬምበር ሁሌም ዲሞክራት ያሸንፋል።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ልክ ነህ፣ ኖቬምበር ላይ ብዙ ጊዜ ነገሩ አልቋል። የሚያልቀው በዲሞክራት ፕራይመሪ፣ ፓርቲው ዕጩዎቹን በሚመርጥበት ቅድመ ምርጫ ነው። በ2018 ማርክ ኤልሪች ለካውንቲው ኤክሲኪዩቲቭነት (ዋና አስተዳዳሪነት) በፕራይመሪው ያሸነፈው በ77 ድምፅ ነው። በ2022 ያንኑ ተፎካካሪ በ32 ድምፅ ረታው። ሠላሳ ሁለት! አንድ የዕድር ስብሰባ ላይ ከዚህ የበዛ ሰው ይገኛል።

የእኛ ሰው ደግሞ ሲመዘገብ "ፓርቲ የለኝም" የሚለውን ይሞላል። ፖለቲካ መሸሽ ልማዳችን ነው፣ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ግን የሜሪላንድ ፕራይመሪ ዝግ ነው። ፓርቲ ከሌለህ የምታገኘው የትምህርት ቦርዱን ምርጫ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ነጠላ የለበሱ እናት የምርጫ ወረቀታቸውን ተቀብለው ገለበጡት፣ መልሰው ገለበጡት። "ልጄ፣ ሌላው ገጽ የት አለ?" አሉኝ። ሌላ ገጽ አልነበረም። ሁለት አውቶቡስ ይዘው ነው የመጡት። እዚያው ልቀይር ቢሉም አይቻልም፤ የተመዘገበ ሰው ፓርቲ መቀየር የሚችለው ከፕራይመሪው 21 ቀን በፊት ድረስ ነው። ዛሬ ማታ ምዝገባችሁን እዩ። ማታውኑ!

ስም የለሽ፦ ታዲያ ዲሞክራት ልሁን ሪፐብሊካን?

መልስ፦ እሱን አልነግርህም።

የሊያ እናት፦ ኤልሪች ለሦስተኛ ጊዜ ለምን አይወዳደርም?

መልስ፦ በ2016 ሕዝቡ ለኤክሲኪዩቲቩም ለምክር ቤቱም የሦስት ዘመን ገደብ አጸደቀ። በ2024 የኤክሲኪዩቲቩ ወደ ሁለት ዝቅ አለ። ይህን የ2024ቱን ዘመቻ የመሩት በ2022 በሪፐብሊካን ዕጩነት በኤልሪች የተሸነፉት ሰው ናቸው። ዲሞክራት በበዛበት ካውንቲ ግን አለፈ። የማን ሐሳብ እንደሆነ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፣ ጽሑፉን አንብቡ።

አዲስ ገቢ፦ ግሪን ካርድ አለኝ፣ መምረጥ እችላለሁ?

መልስ፦ ከላይ መጀመሪያ ላይ ጽፌዋለሁ! አትችልም፣ አትመዝገብ። በኋላ ዜግነት ስትጠይቅ ጣጣ ያመጣብሃል።

የፒኒ ብራንች ልጅ፦ ታኮማ ፓርክ ግን ይቻላል።

መልስ፦ እሱ ለከተማው ምርጫ ብቻ ነው። ከ1992 ወዲህ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም ይመርጣል። ምዝገባው ከካውንቲው ይለያል። የዜግነት ማመልከቻው ግን ስለ ምዝገባና ስለ ምርጫ ይጠይቃልና መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። ሌላ ማንም ይህን እንዳይጠይቀኝ።

ባለ ሱቁ፦ እናቴ ዜጋ ናት፣ እንግሊዝኛ ግን አታነብም። ወረቀቱ በአማርኛ አለ?

መልስ፦ የለም፣ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። ግን የምታምነውን ሰው ይዛ መግባት መብቷ ነው። አሠሪዋ ወይም የሠራተኛ ማኅበሯ ተወካይ ካልሆነ በቀር ልጅም ጎረቤትም ይሆናል። አንተው አብረሃት ግባ። ቤት እያላችሁ ናሙናውን አውርደህ ቡና ላይ አንብብላት። የቻርተር ጥያቄዎቹ መጨረሻ ላይ ናቸው፣ ከኋላ ገጽም ሊሆኑ ይችላሉ። ገልብጡት።