ባሌ በዝናብ አልሄድም አለ፣ ፊልሙ ደግሞ አባባሰው

ባለፈው እትም ትዳር ላይ የሚጀምሩ የድሮ የፍቅር ኮሜዲዎችን ስናነሳ «ቤርፉት ኢን ዘ ፓርክ»ን («በባዶ እግር ፓርክ ውስጥ» እንደማለት ነው) ጠቅሰን ነበር። የፈረንጆቹ 1967 ፊልም ነው። ደብዳቤ ጎረፈልን። ሦስቱን መረጥን፤ የመጀመሪያዋ ግን ሰፋ ያለ መልስ ትፈልጋለች።

ጥያቄ፦ ያገባነው ከፋሲካ በኋላ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን፣ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ባሌ ባንክ ነው የሚሠራው፣ ሸሚዙን ማታ ተኩሶ ነው የሚተኛው። እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ፣ ሥራዬም ጸባዬም ሰዓት አያውቅም። እሁድ ማታ ዝናቡ ሲወርድ «ና ዝም ብለን እስከ ፒያሳ ወክ እናድርግ» አልኩት። «ነገ ሥራ አለኝ፣ ደግሞ ጫማዬ ይበላሻል» አለኝ። ጫማው! ከዛ እናንተ የጻፋችሁትን ፊልም አብረን አየን። እሱ «ይኸው አንቺን ቀርጸውሽ» ብሎ ሳቀ፣ እኔ ደግሞ ባልየው እሱን መስሎ ታየኝና አለቀስኩ። እስካሁን ኩርፊያ ላይ ነን። ለመሆኑ ከሁለቱ ጥፋተኛው ማን ነው? መጨረሻውስ አላጭበረበረም?
ሙሽሪት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ የኔ እህት፣ በመጀመሪያ የአብርሃም የሣራ ትዳር ያድርግላችሁ።

ፊልሙን ላላዩት ባጭሩ እንንገራቸው። ኒውዮርክ ነው፣ የካቲት፣ አጥንት የሚሰብር ብርድ። ፖል (ሮበርት ሬድፎርድ) ከረባት የማይለየው ጀማሪ ጠበቃ ነው። ኮሪ (ጄን ፎንዳ) ያሰበችውን ሳታሳድር የምታደርግ ሴት ናት። ፕላዛ ሆቴል 6 ቀን ጫጉላቸውን አሳልፈው ወደ ተከራዩት ቤት ይመጣሉ። አምስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም፣ መታጠቢያ ገንዳ የለም፣ ማሞቂያው አይሠራም፣ የጣሪያው መስታወት ተሰብሮ በረዶ ይገባል። ከላያቸው ጣሪያ ሥር ደግሞ ቬላስኮ የሚባል ሸምገል ያለ ጎረቤት አለ። ኪራይ ስላልከፈለ በሩ ተቆልፎበት በነዚህ ምስኪን ሙሽሮች መኝታ ቤት መስኮት በኩል ነው ወደ ቤቱ የሚወጣው! ኮሪ ይህን ሰውዬ ከእናቷ ጋር ልታገናኝ ትነሳለች። አራቱም ስታተን አይላንድ ወዳለ የአልባኒያ ምግብ ቤት ሄደው ይጠጣሉ፣ ሲመለሱ ጥሉ ይፈነዳል። ከክሶቹ አንዱ ያንቺው ዓይነት ነው፦ ፓርክ ውስጥ በባዶ እግርህ አብረኸኝ አልሄድክም። እሱም መልሱ አጭር ነው፦ 17 ዲግሪ ነበር። በፋራናይት ነው፣ በኛ ቆጠራ ከዜሮ በታች 8 ገደማ።

እንግዲህ ጥፋተኛው ማን ነው ካልሽኝ፣ መጀመሪያ ጥሉ የተነሳበትን ሰዓት እዪልኝ። ሌሊት ነው፣ መጠጥ አለ፣ ቤቱ በረዶ ቤት ነው፣ ያንን ሁሉ ደረጃ ገና መውጣታቸው ነው። በዛ ሰዓት የመልሱ ቀን ቅንጬ ቀጥኖ ነበር ብሎ መፋታትም ይቻላል። የፊልሙ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ያልፈዋል። ቀልዱን የሚነዳው ባዶ እግሩ አይደለም፣ ደረጃው ነው። ባልየው እያለከለከ ይገባል፣ እናትየዋ ልትወድቅ ምንም አይቀራት፣ ስልክ ሊያስገባ የመጣው ሠራተኛ ትንፋሽ አጥሮት መናገር ያቅተዋል። እያንዳንዱ ሰው በሩን አልፎ በሚገባበት አኳኋን ጸባዩን ታውቂዋለሽ።

አንቺ ደግሞ ይህን ለመረዳት ኒውዮርክ መሄድ አያስፈልግሽም። ውሃ ጠፍቶ ከግቢው ሮቶ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ አራተኛ ፎቅ ድረስ የወጣን ሰው፣ ገና ጀሪካኑን መሬት ሳያስቀምጥ «ና ወክ እናድርግ» በዪውና ምን እንደሚልሽ እይው። የፍቅር ማነስ አይደለም፤ ጉልበቱ ነው ያለቀው።

ይህን ስል ለፖል መወገኔ አይደለም። ኮሪ የምትለው አንድ ነገር እውነት አለው፦ ሰውዬው ከዳር ቆሞ ያያል፣ አይገባበትም። እሱ ሲመልስ አንቺ ከሠራሽው ይልቅ እኔ ቆሜ ማየቴ ነው የከበደው ዓይነት ነገር ይላታል። ከፊልሙ ቀልዶች ይሄን የሚያህል የለም፣ ግን በደንብ ስታዪው ማምለጫ ነው። የተሰማውን ከመናገር ይልቅ ይቀልዳል። ኮሪ ከጫማው ይልቅ በዚህ ብትከሰው ፈራጁ ሁሉ ከሷ ጋር በቆመ ነበር።

መጨረሻው አጭበርብሯል ወይ? ግማሹን አዎ። እሱን የሚያስተካክለው መጠጥ ነው፣ እሷን ድንጋጤ። ጉንፋን ይዞት፣ ሰክሮ፣ ፓርክ ውስጥ በባዶ እግሩ ሲንጎማለል ታገኘዋለች፤ ከዛ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ከፍታውን ሲያይ ድርቅ ይላል፣ እሷም ወጥታ ታወርደዋለች። ቁጭ ብለው አንዴ እንኳን አይነጋገሩም። ግን ልብ በዪ፣ እሷ በመጨረሻ የምትለምነው ያ ቁጥብ፣ ያ ሥርዓተኛ ባሏ እንዲመለስላት ነው። ሬድፎርድን ወደ ፎንዳ አልቀየሩትም። ለዛ ዘመን ፊልም ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

የእናትየዋን ምክር ግን ተጠንቀቂ። ከራስሽ ትንሽ ተዪለት፣ ትልቅ ሰው እንደሆነ እንዲሰማው አድርጊ፣ ያኔ ከ10 ጥንዶች እንደ 2ቱ ደስተኛ ትሆናላችሁ ዓይነት ነው ምክሩ። ሸክሙ በሙሉ ሚስት ላይ! ለኛ እናቶች ጆሮ አዲስ አይደለም፣ ለዚህም ይመስለኛል እዚህ አገር ከእናቱ ጋር ሆኖ ያየው ሰው ሁሉ እናትየዋን የሚወዳት። እኔ ከምክሩ የወሰድኩት ያንን 2 ከ10 የሚለውን ብቻ ነው። ደግሞ መካሪዋ ራሷ በዛው ሌሊት ጠፍታ፣ ጠዋት የጎረቤትየውን ካባ ለብሳ የተገኘች ሴት ናት። አፏ የሚለው ሌላ፣ ያደረገችው ሌላ።

ለናንተ ቤት የምለው ይሄ ነው። እሁድ ማታ ትዪውና ሰኞ ጠዋት አለቃው ፊት የሚቆመው እሱ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በዪው። ጫማው ደግሞ ምናልባት ለሥራ የሚሆን ያ አንድ ጥንድ ብቻ ይሆናል፣ ጠይቀሽዋል? ርካሽ የዝናብ ቦቲ ገዝተሽ በር ላይ አስቀምጪለት። ያኔም አልሄድም ካለ ነገሩ የጫማ አይደለምና ቁጭ ብላችሁ አውሩ። እስከዚያው እናቶቻችሁን አታስገቡ፣ ይሄ ለሽማግሌ የሚደርስ ነገር አይደለም። እሱም ቢሆን «ይኸው አንቺን» ማለቱን ይተው፣ ፊልም እያዩ ሚስትን በጣት ማሳየት የትም አያደርስም።

ጥያቄ፦ ሬድፎርድንና ፎንዳን በሌላ ፊልም አብረው አይቻቸዋለሁ ስላት ልጄ «አባዬ ተሳስተሃል» ትለኛለች። እባካችሁ ገላግሉን።
ጡረተኛው፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ጋሼ፣ አልተሳሳቱም። ከዚህኛው በፊት በ1966 «ዘ ቼዝ» ላይ ባልና ሚስት ሆነው ሠርተዋል። በ1979 «ዘ ኤሌክትሪክ ሆርስማን» ላይ ተገናኙ፤ በ2017 ደግሞ ካረጁ በኋላ «አወር ሶልስ አት ናይት» ላይ ብቸኛ ጎረቤታሞች ሆነው መጡ። ሬድፎርድ በ2025 መስከረም ላይ ነው ያረፈው። የመጨረሻውን ከልጅዎ ጋር ሆነው ይዩት፣ እንደ «ቤርፉት ኢን ዘ ፓርክ» አያስቅም፣ ግን ለርስዎ ዕድሜ ይበልጥ የሚሆነው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ያለን አማተር የቴአትር ቡድን ነን። ታሪኩን ወደ አዲስ አበባ አምጥተን በአማርኛ ልንሠራው አስበናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ መጀመሪያ ፈቃድ። ፊልሙ የመጣው ከመድረክ ነው፤ ኒል ሳይመን የጻፈው ቴአትር በ1963 ብሮድዌይ ላይ በማይክ ኒኮልስ አዘጋጅነት ተከፍቶ ከ1,500 ጊዜ በላይ ታይቷል። ሬድፎርድ እዛም ፖልን ሆኖ ተጫውቷል፣ ሚስቱ ግን ፎንዳ ሳትሆን ኤልዛቤት አሽሊ ነበረች። እናትየዋን በሁለቱም የተጫወተችው ሚልድረድ ናትዊክ ናት፤ በፊልሙ ለኦስካር ታጭታበታለች። ደራሲው በ2018 ቢያርፍም ድርሰቱ ባለቤት አለው፣ «ማን ያውቅብናል» ብላችሁ እንዳትጀምሩ።

ፈቃዱ ከተገኘ የሚያስቸግራችሁ ባዶ እግሩ ነው። ማንሃተን ላይ ጫማ አውልቆ መሄድ የደላው ሰው ጨዋታ ነው። እዚህ ግን በእናት አባቶቻችን ዘመን ባዶ እግር የብዙ ሰው ዕጣ እንጂ ምርጫ አልነበረም፤ ሱፍ የለበሰ ጠበቃ ፒያሳ ላይ በባዶ እግሩ ቢታይ ተመልካቹ አይስቅም፣ «ምነው፣ ተዘረፈ እንዴ?» ብሎ ይደነግጣል። እኔ ብሆን በሐምሌ ዝናብ፣ በሙሉ ሱፍ፣ መንገድ ላይ የተጠበሰ በቆሎ እየጋጡ መሄድን አደርገዋለሁ። እምቢ ለማለትም ለመሸነፍም የሚመች ነገር ነው፣ በቆሎው ደግሞ ጥርስ ውስጥ ይገባል። የአልባኒያውን ምግብ ቤት በክትፎ ቤት ቀይሩት። ሚስት ጥሬውን ስታዝ ባል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለኔ ለብለብ» ሲል የሁለቱ ጸባይ ያለ ማብራሪያ ይወጣል። ስልክ የሚያስገባውን በዋይፋይ ሠራተኛ ቀይሩት፣ ግን ተጠንቀቁ፦ የኛ ሰው «ቡና ቅመስ» ተብሎ አንዴ ቁጭ ካለ አስታራቂ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ትዕይንቱን ይወስድባችኋል።

ደረጃውን ለማሳየት ገንዘብ አታውጡ። ዋናው ቴአትር አንድ ክፍል ብቻ ነው፣ ደረጃውን ተመልካቹ የሚያየው በሚገቡት ሰዎች ፊት ላይ ነው። ተዋናዮቹ ከመድረክ ጀርባ እውነት ይሩጡና ይግቡ፣ የውሸት ማለክለክ ከሦስተኛ ረድፍም ይታወቃል። እናትየዋን የምትጫወተዋ ግን ዕድሜዋ ገፋ ካለ ማስመሰሉ ይበቃታል።